ሙቀቱ የት ይሂድ?

በካሊፎርኒያው የዴዝ ቫሊ ብሔራዊ ፓርክ ታውን ፓስ የሚባል የተራራ በር አለ። ወደዚያ በሚያወጣው ዳገት ዳር የተተከለ ምልክት ሾፌሮች ኤሲ እንዲያጠፉ ያዛል። ውጭው በ45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እየነደደ ኤሲ አጥፉ ማለት ሹፈት ይመስላል። ኤሲ ግን ሙቀትን ከጋቢና አውጥቶ በራዲያተሩ ፊት ለፊት ነው የሚያራግፈው። ራዲያተሩም የሞተሩን ሙቀት የሚያስረክበው ለዚያው አስቀድሞ ለሞቀ አየር ነው። ብዙ ቶን የሚመዝን ቤት ተሸክሞ ከባሕር ወለል አካባቢ እስከ 1,500 ሜትር ለሚወጣ ሞተር ይህ ተጨማሪ ሸክም ይከብደዋል።

አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን አርቪ የሚሉትን፣ አልጋ፣ ምድጃ፣ ፍሪጅና መጸዳጃ የጫነውን መኪና ይዞ በረሃ የሚገባ ሰው ችግሩ ሁሉ ይኸው ነው። ማቀዝቀዝ ማለት ሙቀትን ከአንድ ቦታ አንስቶ ሌላ ቦታ ማራገፍ ነው፤ ማራገፊያው ራሱ ሲግል ሥራው ይከብዳል። ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባት ከላስ ቬጋስ ዴዝ ቫሊ የሁለት ሰዓት መንገድ ስለሆነ ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም።

ሸለቆው ለምን እንዲህ ይግላል? ዝቅተኛው ቦታ ባድዋተር ከባሕር ወለል በታች 86 ሜትር ነው፤ ከአጠገቡ ያለው ቴሌስኮፕ ተራራ ደግሞ 3,366 ሜትር ይደርሳል። ከፓሲፊክ የሚመጣው እርጥብ አየር በመንገዱ ላይ ያሉትን የተራራ ሰንሰለቶች ሲወጣ እየቀዘቀዘ ዝናቡን እዚያው ይጥላል። ወዲህ ማዶ ሲወርድ ደረቅ ነው፤ በወረደ ቁጥርም እየታመቀ በየ1,000 ሜትሩ 10 ዲግሪ ያህል ይሞቃል። የሸለቆው ወለል ላይ የሞቀ አየር ሽቅብ ይነሳል፤ ግን ተራሮቹ ስለሚያግዱት ተመልሶ ይወርድና ሲወርድ እንደገና ይታመቃል። በሐምሌ ሌሊቱ እንኳ 31 ዲግሪ አካባቢ የሚያድረው ለዚህ ነው። በዚሁ ሸለቆ ባለው ፈርነስ ክሪክ ሐምሌ 1913 የተመዘገበው 56.7 ዲግሪ አንዳንድ ተመራማሪዎች ቢጠራጠሩትም እስካሁን የዓለም ክብረ ወሰን ነው።

የእኛው ዳሎል ታዲያ? በ1960ዎቹ በተደረገው ልኬት የዳሎል የዓመቱ አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ነበር፤ የዴዝ ቫሊ አማካይ ግን ከ25 ብዙም አይርቅም። አሜሪካዊው ሸለቆ ከምድር ወገብ ስለሚርቅ እውነተኛ ክረምት አለው። በታኅሣሥና በጥር ቀኑ 18 እና 19 ዲግሪ ይሆናል፤ ሌሊቱ ጋቢ ያስፈልገዋል። የአርቪ ወቅት የሚባለውም ይኸው ነው። ዳሎል እንዲህ ያለ እረፍት አያውቅም።

አርቪ ውስጥ ካለው ዕቃ ሁሉ እኔን የሚደንቀኝ ፍሪጁ ነው። ካምፕ ሲደርስ ሾፌሩ ወዲያው ውሃ ልክ አውጥቶ ወለሉ ላይ ያስቀምጣል፤ ከዚያ ጎማው ሥር ጣውላ እየከተተ መኪናውን ያስተካክላል። የተለመደው ምክንያት እንቅልፍ ነው፤ ዋናው ግን ፍሪጁ ነው። በብዙ አርቪዎች ያለው ዓይነት በ1922 የስቶክሆልም የቴክኖሎጂ ተማሪዎች የነበሩት ባልትሳር ፎን ፕላተንና ካርል ሙንተርስ የፈለሰፉት ነው። ኮምፕሬሰር የለውም፤ የሚዞርም የሚንቀጠቀጥም ነገር የለውም። የሚያቀዘቅዘው በእሳት ነው! ትንሽ የፕሮፔን ነበልባል አሞኒያ የተቀላቀለበትን ውሃ ያፈላል። አሞኒያው ተንኖ ይወጣል፤ ከኋላ ባሉት ቱቦዎች ሙቀቱን ለውጭ አየር ሰጥቶ ፈሳሽ ይሆናል፤ ፈሳሹ በራሱ ክብደት ወደ ፍሪጁ ይወርዳል። እዚያ ሃይድሮጂን ጋዝ ይጠብቀዋል። በሃይድሮጂኑ መካከል አሞኒያው በቀላሉ ይተናል፤ ለመትነን የሚያስፈልገውን ሙቀት የሚወስደውም ከወተቱና ከሥጋው ነው። በመጨረሻ ውሃው አሞኒያውን መልሶ ይመጠዋል፤ ዑደቱም እንደገና ይጀምራል።

የሚሽከረከር ፓምፕ ስለሌለ ፈሳሹ የሚመለሰው በቁልቁለት ነው። መኪናው ካዘነበለ ፈሳሹ በአንድ ጥግ ይጠራቀማል፤ ማፍያው ያለ ፈሳሽ ይግላል፤ ዝገት እንዲከላከል የተጨመረው ኬሚካል ደርቆ ቱቦውን ይደፍናል። የተደፈነ ፍሪጅ አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም። ዘንበል ባይልም እንኳ የኋላው ቱቦ ከውጭው አየር በላይ ካልሞቀ ሙቀቱን ማራገፍ አይችልምና በ45 ዲግሪ ቀን ፍሪጁ ይደክማል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ሰዎች የፍሪጁ መተንፈሻ ያለበትን ጎን ከከሰዓት ፀሐይ አዙረው ያቆማሉ። አዳዲሶቹ አርቪዎች በባትሪና በሶላር ወደሚሠራ የኮምፕሬሰር ፍሪጅ እየዞሩ ነው። ደግ አደረጉ።

የሰው ገላም የሙቀት ማራገፊያ ይፈልጋል። አየሩ ከቆዳችን፣ ማለትም ከ35 ዲግሪ በላይ ሲሆን ነፋስ ማቀዝቀዙን ትቶ ያሞቀናል። የሚቀረው ላብ ብቻ ነው፤ እንስራ ውሃውን የሚያቀዘቅዘው በላቡ እንደሆነ ሁሉ። አንድ ሊትር ላብ ሙሉ በሙሉ ሲተን 0.67 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል። አደጋው አየሩ ደረቅ ስለሆነ ላቡ ቆዳ ላይ ሳይታይ መጥፋቱ ነው፤ ሰው ያላበው አይመስለውም፤ የሚያውቀው ራሱን ሲያመውና ሲያቅለሸልሸው ነው። ፓርኩ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 4 ሊትር ውሃ የሚለው ለዚህ ነው፤ በእግር ለሚጓዝ ሰው ይህም ያንሳል።

ስለ ጎማ ባጭሩ። በጠዋቱ ቅዝቃዜ ተለክቶ 80 ፒኤስአይ የተነፋ ጎማ ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሲጨምር 90 ገደማ ያሳያል። ይህ የጋዝ ሕግ ነው፤ አምራቹም አስቦበታል፤ ስለዚህ የሞቀ ጎማ አይተነፈስም። ጎማ የሚያፈነዳው ይልቅ የአየር ማነስ ነው፤ ለስላሳው ጎን በየዙሩ እየታጠፈ ከውስጥ ይግላል።

በሐምሌ መሄድ የግድ ከሆነ ፊዚክስ የሚሰጠው መውጫ ወደ ላይ ነው። ከባሕር ወለል በታች 60 ሜትር ላይ ያለው የፈርነስ ክሪክ ካምፕ በቀን በአማካይ 47 ዲግሪ ሲሆን፣ 2,500 ሜትር ላይ ያለው የማሆጋኒ ፍላት ካምፕ ከዚያ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ የቀለለ ይሆናል። ታች የታመመ ሰው ደግሞ ሌላ ችግር ይገጥመዋል፤ ትኩስ አየር ስስ ስለሆነ ወደ 49 ዲግሪ ሲደርስ የሕክምና ሄሊኮፕተር ሊነሳ አይችልም። በሐምሌ 2024 የሆነው ይኸው ነበር። ወደ ማሆጋኒ ፍላት የሚወስደው መንገድ ግን ከ7.6 ሜትር በላይ የሚረዝም ተሽከርካሪ አያስገባም፤ መጨረሻው ደግሞ ከመሬት ከፍ ያለ፣ አንዳንዴም በአራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና ይፈልጋል። እናም ሁለት ኤሲ የጫነው ትልቁ አርቪ ታች ሲቀቀል፣ ድንኳን የያዘው ላይ ብርድ ልብስ ይደርባል።