በቀጭን ቱቦ የሚመላለስ ፈሳሽ

በናይሮቢ ከተማ በካሳራኒ አካባቢ ዓለም አቀፍ የነፍሳት ፊዚዮሎጂና ኢኮሎጂ ማዕከል (ኢሲፔ) ይገኛል። ይህን ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1970 የመሠረቱት ኬንያዊው ሳይንቲስት ቶማስ ኦዲያምቦ ናቸው። በዚያ ከሚጠኑት ነፍሳት አንዷ የወባ ትንኝ ነች። ትንኟ ደም የምትመጥበት ቱቦ ከፀጉር የቀጠነ ነው፤ ደሙን የሚስቡት በጭንቅላቷ ውስጥ የሚገኙ፣ እየሰፉና እየጠበቡ የሚሠሩ ሁለት ፓምፖች ናቸው። ከአንዲት የደም ጠብታ በሽታን ለመለየት የሚሠሩ ጥቃቅን መሣሪያዎችም ፈሳሽ የሚያንቀሳቅሱት በእንዲህ ያለ ቀጭን መንገድ ነው።

ለመሆኑ ይህን ያህል በጠበበ ቦታ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ፈሳሽ እንዴት ይጠናል? አንደኛው ዘዴ ኮምፒዩተር ነው። ቱቦው በትናንሽ ክፍሎች፣ ጊዜውም በትናንሽ እርምጃዎች ይከፋፈልና በየክፍሉ ያለው ፍጥነትና ግፊት ይሰላል። ሁለተኛው ዘዴ ትልቅ አምሳያ መሥራት ነው። ይሁን እንጂ ቱቦውን ብቻ ማሳደግ ያሳስታል።

ምክንያቱም በሰፊ ቧንቧ ውስጥ ግፊቱ አቅጣጫ ሲለውጥ ውሃው በኢነርሺያ ምክንያት በነበረበት ጥቂት ይቀጥላል። በቀጭን ቱቦ ግን ዝልግልግነት ስለሚያይል ፈሳሹ ግፊቱን ወዲያው ይከተላል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚያይል የሚነግረን የወመርስሊ ቁጥር ነው። ይኸውም የቱቦው ራዲየስ፣ የምልልሱ አንግላዊ ፍጥነት ለፈሳሹ ኪነማቲክ ዝልግልግነት ተካፍሎ በሚገኘው ውጤት ስኩዌር ሩት ሲባዛ ነው። 0.1 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ቱቦ ውሃ በሰከንድ 10 ጊዜ ቢመላለስ ቁጥሩ 0.4 ያህል ይሆናል። ከሰው ልብ በሚወጣው ትልቁ ደም ቅዳ ግን ወደ 18 ይደርሳል።

አሁን ቱቦውን 200 ጊዜ እናሳድገው፤ ስፋቱ 2 ሴንቲሜትር ይሆናል። ቁጥሩ እንዳይለወጥ የምልልሱ ጊዜ በ200 ካሬ፣ ማለትም በ40,000 መባዛት አለበት። ስለዚህ 0.1 ሰከንድ ይፈጅ የነበረው አንድ ምልልስ በውሃ 4,000 ሰከንድ፣ ማለትም ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል! በውሃው ፈንታ ንጹሕ ግሊሰሪን ብንጠቀምስ? የግሊሰሪን ኪነማቲክ ዝልግልግነት በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከውሃ ወደ 1,100 ጊዜ ስለሚበልጥ 4 ሰከንድ ገደማ ይበቃል።

ይህን በክፍል ውስጥ ማሳየት ይቻላል። መምህሩ ግሊሰሪን በተሞላ የመስተዋት ቱቦ መካከል ቀለም የተቀላቀለበት የግሊሰሪን ጠብታ ያስገባል፤ ከዚያም ከጫፉ ጋር በተያያዘ ስሪንጅ ለ2 ሰከንድ ይገፋል፣ ለ2 ሰከንድ ይስባል። ቀለሙ እንደ ምላስ ይሳባል፤ ተመልሶም ከሞላ ጎደል በነበረበት ይሰበሰባል።

እንግዲህ በጥቃቅን ቱቦ መመላለስ ብቻውን ፈሳሹን ወደፊት አያራምደውም። መሣሪያው በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚከፈት ቫልቭ፣ ወይም እንደ ትንኟ ተራ በተራ የሚሠሩ ፓምፖች ያስፈልጉታል። አምሳያውን በውሃ ሠርቶ በፍጥነት የሚያመላልስ ሰው ግን ይህን አያይም፤ በትልቁ የተሳካለት ፓምፕ በትንሹ ሲከሽፍበት ብቻ ይገነዘበዋል።