የላላ ንክኪና የሰው ግምት

ዐይን እንደሚሳሳት፥ ጆሮም እንደሚያታልል ሁሉም ያውቃል። መዳሰስ ግን የማይሳሳት ምስክር ነው ተብሎ ይታመናል፤ «በእጄ ዳስሼዋለሁ» ያለ ሰው ክርክሩን እንደ ረታ ይቈጠራል። ዳሩ ግን ንክኪው እጅግ የላላ ሲሆን መዳሰስም ይሳሳታል። ይህ ስሕተት የሰውን እጅና እግር እስከ ማሳጣት ሊያደርስ ስለሚችል፥ ምክንያቱን ባጭሩ ልንገልጽ ወደድን።

ቆዳችን የነካውን ሁሉ በነርቭ አማካይነት ለአንጎል ያስታውቃል። መልእክቱ ብርቱ ሲሆን አንጎል አይጠራጠርም፤ ደካማ ሲሆን ግን አስቀድሞ ከጠበቀው ነገር ጋር እያስተያየ ይፈርዳል። በአንድ ክፍል ውስጥ ቅማል ተገኘ ሲባል፥ ቅማል የሌለበት ተማሪ ሳይቀር ራሱን ሲያክ ይታያል። ስልክ በኪሱ የያዘ ሰውም ማንም ሳይደውልለት ስልኩ የተንቀጠቀጠ ይመስለዋል። እነዚህ ሰዎች አልዋሹም፤ የጠበቁት ነገር የመጣ ሆኖ ተሰማቸው እንጂ።

ዐይንም በዚህ ፍርድ ይገባበታል። በ1998 እ.ኤ.አ. ቦትቪኒክና ኮኸን የተባሉ ተመራማሪዎች የሰዎችን እጅ ሸሽገው፥ በፊታቸው የጎማ እጅ አኖሩ። ሁለቱን እጆች ባንድ ጊዜ በብሩሽ ሲነኩ፥ ሰዎቹ ንክኪው ከጎማው እጅ ላይ የመጣ ሆኖ ተሰማቸው።

ይህ ነገር ለሥጋ ደዌ ምርመራ ትልቅ ቁም ነገር ነው። ኖርዌያዊው ሐኪም ሐንሰን በ1873 እ.ኤ.አ. ባገኘው ባክቴሪያ የሚመጣው ይህ በሽታ ቆዳንና ነርቭን ይጎዳል። ከዋና ምልክቶቹም አንዱ ስሜት ያጣ፥ የነጣ ወይም የቀላ የቆዳ ምልክት ነው። መርማሪው ይህን በቀጭን የጥጥ ጫፍ ይፈትናል። ታማሚው ጥጡ ሲወርድ ካየ፥ ወይም «ተሰማህ?» እየተባለ ከተጠየቀ፥ ቆዳው ደንዝዞ ሳለ «አዎን» ሊል ይችላል። በሽታው እንዳይገኝበት የሚፈራ ሰውማ መልሱ ወደ ተስፋው ያዘነብላል። በሽታው እንዲህ ተሰውሮ ሲቀር ነርቩ እየሞተ ይሄዳል፤ ትኩስ ድስት ሲያቃጥለው፥ እሾህ ሲወጋው ሰውየው አያውቅም፤ ቍስሉም ይመረቅዛል።

ስለዚህ የምርመራው ሥርዐት እንዲህ ነው። አስቀድሞ ታማሚው ምን እንደሚደረግ በዐይኑ አይቶ ይረዳል። ቀጥሎ ዐይኑን ጨፍኖ የተነካበትን ስፍራ በጣቱ ያመለክታል። መርማሪው ጤነኛውንና አጠራጣሪውን ቆዳ እያፈራረቀ፥ ጊዜውን እያዛባ ይነካል፤ አንዳንድ ጊዜም ሳይነካ ዝም ብሎ ይቈያል። ታማሚው ሳይነካ ካመለከተ፥ የተናገረው ግምቱ ነውና ምርመራው በትዕግሥት ይደገማል። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው እግርም በ10 ግራም የናይለን ክር ሲፈተን ዐይን ይጨፈናል።

ክቡራን መምህራን ሆይ፤ በተማሪ ቆዳ ላይ የነጣ ወይም የቀላ፥ የማያሳክክ፥ ቶሎም የማይጠፋ ምልክት ስታዩ፥ በጓደኞቹ ፊት ስም ሳትሰጡት ወላጆቹን ለብቻቸው አነጋግራችሁ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወስዱት ምከሩ። «ሲነኩት ይሰማዋል» የሚል የቤት ፈተና አያዘናጋችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያጸናው የተጣመረ መድኃኒት በነፃ ይሰጣል፤ እንደ በሽታው ዓይነት በ6 ወይም በ12 ወር ይፈውሳል። የሞተ ነርቭን ግን መድኃኒቱ ሁልጊዜ አይመልስምና፥ መዘግየት አይገባም።