የወደብ ኩሊ ጎጆ ስንት ያወጣል?

አንድ ደላላ መጥቶ «ሁለት ክፍል፣ ማድ ቤቱ ከኋላ፣ ሽንት ቤቱ ጓሮ፣ ጣራው ቆርቆሮ» ቢላችሁ ምን ትሉታላችሁ? «ሂድ ሌላ ፈልግ!» ነው የምትሉት። በአውስትራሊያዋ ሲድኒ፣ ባልሜይን በሚባለው ሰፈር ግን እንዲያ ተደርጎ የተሠራ ጎጆ ልግዛ የሚል ሰው በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ይዞ መቅረብ አለበት። ቀልድ እንዳይመስላችሁ!

ጎጆዎቹ የተሠሩት በእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን፣ ማለትም ከ1837 እስከ 1901 ባለው ጊዜ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የቪክቶሪያ ቤት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ባለ ፎቁን የጌቶች ቤት ነው። የወደቡ ዳር ጎጆ ግን የመርከብ ጠጋኝ፣ የአናጢና የጭነት አውራጅ ቤት ነበር። ባልሜይን ላይ በ1855 ሞርትስ ዶክ የሚባል ግዙፍ የመርከብ መጠገኛ ተከፈተ። ሠራተኛው በእግሩ ደርሶ መመለስ ነበረበትና ቤቱን እዚያው ዙሪያውን ቀለሰ። የጭነት አውራጁማ የባሰ ነው፤ ሥራው የዕለት ነው። ጠዋት ተሰልፎ «አንተ ና፣ አንተ ተመለስ» እየተባለ ይመረጣል። ራቅ ብሎ የሚኖር ሰው ቀኑን ሳይሠራ ሊውል ይችላል። በ1930ዎቹ ሥራ የጠፋ ጊዜ፣ ወንዶች ሥራ ፍለጋ ከመርከብ ማራገፊያ ወደ ማራገፊያ የሚንከራተቱበትን መንገድ «የረሃብ ማይል» ብለው እስከመሰየም ደርሰዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከፊት ጠባብ በረንዳ፣ ከበሩ ገባ ሲባል ሁለት ክፍል፣ ከኋላ ደግሞ ጣራው ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ቅጥያ፤ ማድ ቤቱ እሱ ነው። ግድግዳው ወይ ከዚያው ከኮረብታው የተፈለጠ ቢጫ ድንጋይ፣ ወይ ደግሞ ዝናቡ ወደ ውስጥ እንዳይገባ አንዱ በሌላው ጫፍ ላይ እየተደረበ የተመታ ጣውላ ነው። ሽንት ቤቱ ጓሮው ጫፍ ላይ ነበር። ከበስተኋላ ያለችው ቀጭን መንገድም ያለ ምክንያት አልተተወችም፤ ባልዲውን የሚወስደው ሰውዬ ሌሊት የሚመላለስባት ነበረች።

ቆርቆሮውን ደግሞ እኛም በደንብ እናውቀዋለን። ቆርቆሮ የፈጠራ መብት የተሰጠው በ1829 እንግሊዝ አገር ውስጥ ነው። ቀላል ነው፣ ተደራርቦ በመርከብ ይጫናል፣ ብዙ ማገር አይፈልግም። አዲስ አበባን ያለበሰው ቆርቆሮ የዚሁ ዘመድ ነው እንግዲህ!

ታዲያ ያኔ «ባሕር ዳር» ማለት እንደ ዛሬው ንጹሕ አየር አልነበረም። ጭስ፣ ሬንጅ፣ የመዶሻ ጩኸትና አይጥ ነበር። በ1900 ከተማይቱ ውስጥ ወረርሽኝ ገባ። 303 ሰዎች ታመው 103 ሞቱ። በሽታው አይጥ የሚያመጣው ቸነፈር ነበር። መንግሥት ሚለርስ ፖይንትና ዘ ሮክስ የሚባሉትን ሁለቱን የወደብ ሰፈሮች ወረሰ። ገሚሱን ቤት አፈረሰ፣ የቀረውን እያከራየ ያስተዳድር ጀመር። በእኛ አነጋገር የቀበሌ ቤት በሉት። አባት ወደብ ሠርቶ ሲሞት ልጅ እዚያው ይኖራል።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ዘ ሮክስን አፍርሶ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ ለመደርደር እቅድ ወጣ። ነዋሪዎቹ የሄዱት ባለሥልጣን ዘንድ ብቻ አይደለም፣ የሕንፃ ሠራተኞች ማኅበር ዘንድም ጭምር ነው። ማኅበሩም «እኛ አናፈርስም» አለ! አፍራሽ ከሌለ ማን ያፈርሳል? በ1973 ፖሊስ መጥቶ ተቃዋሚዎችን አሰረ፤ የማኅበሩ መሪም ከታሰሩት አንዱ ነበር። ቢሆንም አብዛኛው አሮጌ ቤት ተረፈ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። በ2014 መንግሥት በሚለርስ ፖይንትና በአካባቢው ያሉ 293 ቤቶችን እሸጣለሁ ብሎ አወጀ። ጥገናው ውድ ነው፣ በገንዘቡ ሌላ ቦታ የኪራይ ቤት እንሠራለን ነው ምክንያቱ። ሒሳቡ ላይ መከራከር ይቻላል። ግን ዕድሜ ልካቸውን እዚያ የኖሩ አዛውንቶች ጓዛቸውን ጠቅልለው ሄዱ። ፊት ለፊቱ በቅርስነት ሕግ የተጠበቀ ነው፤ ሚስማር እንኳ ዝም ብሎ አይመታበትም። ተከራዩን የሚጠብቅ እንዲህ ያለ ሕግ ግን አልነበረም። አዲሶቹ ባለቤቶች የፊቱን ገጽታ ሳይነኩ ከኋላ ያለችውን ማድ ቤት ወደ መስታወት ሳሎን መለወጥ ይወዳሉ።

ወደዚያ የመሄድ ዕድል ያገኘ ሰው ዘ ሮክስ ውስጥ ሱዛና ፕሌስ የሚባለውን ሙዚየም ይይ። በ1844 የተሠሩ አራት የተያያዙ ቤቶች ናቸው፣ ጥጉ ላይ ሱቅ አለ። ሙዚየም የሆነው በ1993 ነው። የሚያስደስተው አለመታደሱ ነው። በግድግዳው ላይ ተከራይ በተከራይ ላይ የለጠፈው ወረቀትና የቀባው ቀለም ተደራርቦ ይታያል። የልብስ ማጠቢያውና ሽንት ቤቱም እንደጥንቱ ጓሮ ናቸው።