በብሮውዘር ወደ ቨርቹዋል ማሽን፦ የርቀት ኮንሶል አማራጮች ዳሰሳ

ሰርቨር ከርቀት የሚያስተዳድር ባለሙያ የፋየርዎል ሕግ ሲያስተካክል ራሱ የሚገባበትን ፖርት ቢዘጋ አዲስ ነገር አይደለም። ሰርቨሩ አልሞተም፣ ሥራውንም አላቋረጠም፤ ባለቤቱን ግን አያስገባም። ማሽኑ ቢሮ ውስጥ ቢሆን ሞኒተርና ኪቦርድ ሰክቶ መክፈት ይቻል ነበር። ቨርቹዋል ማሽን (ቪኤም) ግን በሌላ ኮምፒውተር ሜሞሪ ውስጥ የሚሠራ በመሆኑ ገመድ የሚሰካበት አካል የለውም። ሞኒተሩም ኪቦርዱም በሶፍትዌር መቅረብ አለባቸው። ዛሬ ይህን የሚያቀርቡት በአብዛኛው በብሮውዘር የሚከፈቱ የአስተዳደር ፖርታሎች ናቸው።

ፖርታሎቹ ብዙ ናቸው፤ የአዝራሮቻቸው ስምም ይለያያል። አንዱን ከሌላው ለመለየት ግን አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ ግንኙነቱ የሚያልፈው በቪኤሙ ውስጥ ነው ወይስ ከቪኤሙ በታች?

ሁለቱ መንገዶች

በውስጥ የሚያልፈው መንገድ ቪኤሙ ላይ በተጫነው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ ይመካል። ለሊኑክስ ኤስኤስኤች፣ ለዊንዶውስ ደግሞ አርዲፒ የሚባለው የማይክሮሶፍት ፕሮቶኮል ዋነኞቹ ናቸው። ፈጣንና ምቹ ናቸው፤ ጽሑፍ መቅዳትና መለጠፍ፣ በአርዲፒ ደግሞ ድምፅና ፕሪንተር ማገናኘት ይቻላል። የሚሠሩት ግን ሲስተሙ ተነስቶ፣ ኔትወርኩ ተስተካክሎ፣ አገልግሎቱም ሥራ ላይ ሲሆን ብቻ ነው።

ከበታች የሚያልፈው መንገድ ከሃይፐርቫይዘሩ ይነሳል፤ ማለትም ቪኤሙን ከሚያንቀሳቅሰው ሶፍትዌር። ሃይፐርቫይዘሩ የቪኤሙን ምናባዊ ስክሪን ራሱ ስለሚስለው፣ ውስጥ ያለው ኔትወርክ ቢቋረጥም ሲስተሙ ገና ባይጫንም ምስሉን ማሳየት ይችላል። የባዮስ ገጽ፣ የማስነሻ ስህተት፣ የዊንዶውስ ሰማያዊ ስክሪን ሁሉ በዚህ ይታያሉ። ኮንሶል ሲባል በትክክል ይህን ማለት ነው።

ከፕለጊን ወደ ኤችቲኤምኤል 5

ኮንሶልን በብሮውዘር መክፈት ለዓመታት አድካሚ ሥራ ነበር። የሰርቨር ማስተዳደሪያ ካርዶች ጃቫ ይጠይቁ ነበር፤ ቪኤምዌር የራሱ ፕለጊን ነበረው፤ የዌብ ገጹም በፍላሽ የተሠራ ነበር። ክሮም እ.ኤ.አ. በ2015 የቆዩትን ፕለጊኖች መደገፍ አቆመ። በ2018 የወጣው ጃቫ 11 ደግሞ ጃቫ ዌብ ስታርትን አስቀረ፤ ፍላሽም በ2020 መጨረሻ ተሰናበተ። አሮጌ ሰርቨር የሚይዙ ባለሙያዎች ለኮንሶል ብቻ ብለው ያረጀ ብሮውዘር ያለበት ኮምፒውተር እስከማስቀመጥ የደረሱት በዚህ ምክንያት ነው።

መፍትሔው የመጣው ከብሮውዘሩ ከራሱ ነው። ዌብሶኬት የተባለው ስታንዳርድ በ2011 ሲጸድቅ ብሮውዘር ከሰርቨር ጋር ሳያቋርጥ የሚነጋገርበት መስመር አገኘ። ካንቫስ የተባለው የኤችቲኤምኤል 5 ክፍል ደግሞ ምስሉን ገጹ ላይ ለመሳል አስቻለ። ኖቪኤንሲ የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ሁለቱን አጣምሮ ያለ ምንም ፕለጊን የሚከፈት ኮንሶል አቀረበ።

ከስሙ እንደሚገመተው ኖቪኤንሲ የሚያነበው ቪኤንሲን ነው። ቪኤንሲ በእንግሊዝ ካምብሪጅ፣ በኦሊቬቲ የምርምር ላቦራቶሪ፣ በ1990ዎቹ የተሠራ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ሰርቨሩ የተለወጠውን የስክሪን ክፍል በፒክስል ይልካል፣ ተጠቃሚው የኪቦርድና የማውስ እንቅስቃሴ ይመልሳል። ስለ መስኮትና ስለ ፎንት የሚያውቀው ነገር ስለሌለ የትኛውንም ሲስተም ያሳያል። ክብደቱም የሚመነጨው ከዚሁ ነው፤ ሥዕል በበዛ ቁጥር ኢንተርኔቱን ይበላል።

ስፓይስ የተባለው ፕሮቶኮል ይህን ለማሻሻል የመጣ ነው። ያዘጋጀው ኬቪኤም የተባለውን የሊኑክስ ሃይፐርቫይዘር የፈጠረው የእስራኤሉ ኩባንያ ኩምራኔት ሲሆን፣ ሬድ ሃት በ2008 ኩባንያውን በ107 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ በቀጣዩ ዓመት ኮዱን ለሕዝብ ክፍት አደረገው። ድምፅና ዩኤስቢ ማስተላለፉ ጥሩ ነበር፤ ሬድ ሃት ግን ከሊኑክሱ 9ኛ እትም አስወጥቶታል። አዲስ ሥራ በስፓይስ ላይ ብቻ መመሥረት ዛሬ አይመከርም።

በየመድረኩ ያለው አማራጭ

በራስ ሰርቨር ላይ ከሚጫኑት ውስጥ ፕሮክስሞክስ ለጀማሪ ይቀላል። በ8006 ፖርት በሚከፈተው ፖርታሉ ኖቪኤንሲ፣ በጽሑፍ ብቻ የሚሠራ ተርሚናልና ስፓይስ ይገኛሉ። ስፓይስን ሲመርጡ ግን ብሮውዘሩ ትንሽ ፋይል ያወርዳል፤ ፋይሉን የሚከፍት ፕሮግራም ኮምፒውተርዎ ላይ መኖር አለበት። ኦፕንስታክም ኖቪኤንሲን ይጠቀማል፤ ለእያንዳንዱ ግንኙነት ጊዜያዊ ቶክን ያለው አድራሻ ይሰጣል፤ ካልተቀየረ ቶክኑ የሚያገለግለው ለ10 ደቂቃ ነው። ቪኤምዌርም በብሮውዘር የሚከፈት የዌብ ኮንሶልና ለብቻው የሚጫን የርቀት ኮንሶል ፕሮግራም አለው።

ትልልቆቹ የክላውድ አቅራቢዎች ሌላ መንገድ ይዘዋል። አማዞን፣ ማይክሮሶፍት አዙርና ጉግል ለተራ ቪኤም የሚሰጡት ሙሉ የግራፊክስ ኮንሶል ሳይሆን ሲሪያል ኮንሶል ነው፤ የጽሑፍ መስመር ማለት ነው። አማዞን ይህን አገልግሎት የጀመረው በ2021 ነው። ስክሪኑን ማየት ለሚፈልግ አማዞንና አዙር የወቅቱን ምስል በፎቶ ያሳያሉ፤ ፎቶው ላይ ግን መጻፍ አይቻልም። ለዕለት ተዕለት ሥራ አዙር ባስቲዮን የተባለውን አገልግሎት በ2019 አቅርቧል፤ ለቪኤሙ የአደባባይ አይፒ ሳይሰጥ አርዲፒንና ኤስኤስኤችን በብሮውዘር ይከፍታል። መደበኛው ዓይነት ግን ማንም ባይጠቀምበትም በሰዓት ያስከፍላል።

የራሱን መግቢያ መሥራት ለሚፈልግ ድርጅት አፓቼ ጓካሞሌ አለ። ቪኤንሲን፣ አርዲፒንና ኤስኤስኤችን ወደ አንድ የዌብ ገጽ ያመጣል፤ የሥራ ክፍለ ጊዜንም ይቀርጻል። በተለመደው አጠቃቀሙ ግን በውስጥ የሚያልፈው መንገድ ነው፤ ቪኤሙ ካልተነሳ ጓካሞሌ ብቻውን አያድንም።

ኪቦርዱ ላይ ያለው ጣጣ

ኮንሶል ሲከፈት የመጀመሪያው ግራ መጋባት ኪቦርድ ላይ ነው። መደበኛው ቪኤንሲ የሚልከው የተጫኑትን ቁልፍ ቦታ ሳይሆን የወጣውን ፊደል ነው። የእርስዎና የቪኤሙ የኪቦርድ አቀማመጥ ከተለያየ ምልክቶች ይቀያየራሉ። የአማርኛ ኪቦርድ በርቶ ከሆነ ደግሞ ለዚያ ፊደል የሚሆን ቁልፍ በምናባዊው ኪቦርድ ላይ ስለሌለ ሊጠፋ ይችላል። የይለፍ ቃል ሲጻፍ ስለማይታይ ሰው ቃሉ የተሳሳተ ይመስለዋል። ወደ እንግሊዝኛ መቀየርና የሚጠራጠሩበትን ምልክት በተጠቃሚ ስም ቦታ ጽፎ ማየት ብዙ ጊዜ ይቆጥባል። የተቀዳ ጽሑፍ መለጠፍም በብዙ ኮንሶሎች አይሠራም።

ርቀትም የራሱ ዋጋ አለው። የአዙር ጆሃንስበርግ ማዕከል በ2019፣ የአማዞን ኬፕታውን ማዕከል በ2020 ተከፍተዋል። አዲስ አበባ ሆኖ እነዚያን የሚጠቀም ሰው የሚጫናት እያንዳንዷ ቁልፍ ደርሳ ትመለሳለች። ኢንተርኔቱ ሲደክም የግራፊክስ ኮንሶል ይንቀረፈፋል፤ የጽሑፍ ኮንሶል ግን ጥቂት ባይት ብቻ ስለሚያስተላልፍ ይሠራል።

ደኅንነት

ኮንሶል የያዘ ሰው ሰርቨሩ ፊት የተቀመጠ ያህል ነው። ማሽኑን አስነስቶ የዋናውን አስተዳዳሪ የይለፍ ቃል መቀየር ይችላል። በሌላ በኩል የቪኤንሲ የቆየው የይለፍ ቃል ዘዴ ከመጀመሪያዎቹ 8 ፊደላት በላይ አይመለከትም። አርዲፒም በ2019 ብሉኪፕ የተባለው ክፍተት ሲገኝበት አሮጌ ዊንዶውሶችን አጋልጧል። የቪኤንሲው 5900 እና የአርዲፒው 3389 ፖርቶች በቀጥታ ለኢንተርኔት መከፈት የሌለባቸው ለዚህ ነው። የፖርታሉ መግቢያም የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ያስፈልገዋል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ሌላ ነገር አለ። የኮንሶሉን ታብ መዝጋት ከሲስተሙ መውጣት አይደለም። አስተዳዳሪ ሆነው ገብተው ታቡን ብቻ ከዘጉ፣ ቀጥሎ ኮንሶሉን የሚከፍት ሰው እርስዎን ሆኖ ይቀጥላል።

የ2024ቱ ፈተና

ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2024) የደኅንነት ሶፍትዌር ኩባንያው ክራውድስትራይክ የላከው የተበላሸ ማሻሻያ፣ በማይክሮሶፍት ግምት፣ 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ማሽኖችን ጣለ። ማሽኖቹ ሳይነሱ ስለሚወድቁ አርዲፒ ዋጋ አልነበረውም። ኮንሶል ያላቸው በሴፍ ሞድ ገብተው አንድ ፋይል አጠፉ። የግራፊክስ ኮንሶል በሌለበት ክላውድ ግን ዲስኩን ነቅሎ ከሌላ ቪኤም ጋር ማያያዝ፣ ፋይሉን ማጥፋትና መልሶ መግጠም የተለመደው መፍትሔ ሆነ። ለአንድ ማሽን ይህ ቀላል ነው፤ ለመቶዎች ግን የቀናት ሥራ ነው።

ስለዚህ ምርጫው አንዱን ከሌላው ማስበለጥ አይደለም። ለዘወትር ሥራ በውስጥ የሚያልፈው ይበቃል፤ ለክፉ ቀን ከበታች የሚያልፈው ግድ ነው። ያም ቢሆን አስቀድሞ ካልተዘጋጀ አይጠቅምም። የአማዞን ሲሪያል ኮንሶል እስኪፈቀድ ድረስ ዝግ ነው፤ የአዙሩ የማስነሻ ምርመራ እንዲበራ ይጠይቃል። በቁልፍ ፋይል ብቻ የሚገባበት ሊኑክስ ደግሞ የይለፍ ቃል ያለው ተጠቃሚ ከሌለው ኮንሶሉ መግቢያውን ያሳያል እንጂ አያስገባም። የሚያስተዳድሩት ቪኤም ካለ ኮንሶሉን ዛሬ ይክፈቱና እስከ መጨረሻው ይግቡ፤ ካልተሳካልዎ የማስተካከያው ጊዜ አሁን ነው።