ወፍራሙና ቀጭኑ ድምፅ፦ የራዲዮ ትምህርት በትክክል እንዲሰማ

የዛሬው ንግግራችን ስለ ድምፅ ነው። ይኸውም ራዲዮ የሚያሰማን ድምፅ ከምን ከምን እንደተሠራ፣ ከዚያም ውስጥ አንዱ ክፍል ሲጎድል በፊደል ተማሪ ላይ ምን እንደሚደርስ እናያለን። ደብተርና እርሳሳችሁን አቅርቡ፤ በመጨረሻ አንድ ሙከራ አብረን እንሠራለን።

ነገሩን ከምናውቀው ቦታ እንጀምር። በበዓል ቀን ከላሊበላ ከተማ ወደ አሸተን ማርያም የወጣችሁ ታስታውሱታላችሁ። ቤተ ክርስቲያኗ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ከአለት ተፈልፍላ የተሠራች ናት፤ ሥራዋ በነአኩቶ ለአብ ዘመን እንደተፈጸመ ይነገራል። ገና ዳገቱ ላይ ሳላችሁ መጀመሪያ የምትሰሙት ምንድን ነው? ከበሮው ነው። ድም፣ ድም ይላል። ጥቂት ስትጠጉ የዜማው ድምፅ ይመጣል፤ ቃሉ ግን አይለይም። ጸናጽሉን የምትሰሙት፣ ቃሉንም አጥርታችሁ የምትለዩት ከደጀ ሰላሙ ስትደርሱ ነው። ጸናጽሉ እኮ ከከበሮው ጋር አብሮ ነበር! ታዲያ የት ቀርቶ ነው?

ድምፅ ማለት የአየር መርገብገብ ነው። የከበሮው ቆዳ ሲመታ በዝግታ፣ በሴኮንድ መቶ ጊዜ ያህል ይርገበገባል። የጸናጽሉ ብረት ግን በአንዲት ሴኮንድ ብዙ ሺህ ጊዜ ይርገበገባል። በዝግታ የሚርገበገበውን ወፍራም ድምፅ፣ ቶሎ ቶሎ የሚርገበገበውን ቀጭን ድምፅ እንላለን። የመርገብገቡ ብዛት ድግግሞሽ ይባላል፤ መለኪያውም ሄርዝ ነው። ይህም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1857 እስከ 1894 በኖረው ጀርመናዊ ሊቅ በሃይንሪክ ሄርዝ ስም የተሰየመ ነው። በሴኮንድ አንድ ጊዜ መርገብገብ አንድ ሄርዝ ነው። ጤነኛ የወጣት ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ሄርዝ ያለውን ይሰማል።

አየር ቀጭኑን ድምፅ በመንገድ ላይ ቶሎ ይውጠዋል። ገደሉና ቋጥኙም ይጋርደዋል። ወፍራሙ ግን ቋጥኙን ዞሮ ያልፋል። ስለዚህ ተራራው ራሱ እንደ ወንፊት ነው ማለት ይቻላል። የቤታችን ወንፊት የላመውን ዱቄት አሳልፎ ሻካራውን ያስቀራል። የተራራው ወንፊት ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ ወፍራሙን አሳልፎ ቀጭኑን ያስቀራል። በባለሙያዎች ዘንድ እንዲህ ያለው ነገር የድምፅ ማጣሪያ ወይም ፊልተር ይባላል።

የሰው ንግግርም እንዲሁ ከወፍራምና ከቀጭን የተሠራ ነው። «ሳ» በሉ እስቲ። መጀመሪያ «ስስስ» የምትለው ትንፋሽ ትወጣለች፤ እሷ ቀጭን ናት፣ አብዛኛው ድምፅዋም ከ4,000 ሄርዝ በላይ ነው። ቀጥሎ «ኣ» የሚለው ይመጣል፤ እሱ ወፍራምና ጉልበተኛ ነው። ልብ በሉ! ጉልበቱ ያለው ከ«ኣ» ዘንድ ነው፤ ቃሉን ከቃል የምትለየው ግን ደካማዋ «ስ» ናት። ቀጭኑን ድምፅ ብናስቀረው ሰው እየተናገረ መሆኑ ይሰማል፤ ምን እንዳለ ግን ያጠራጥራል።

ይህን ነገር በደንብ ያስተማሩኝ አንዲት እናት ናቸው። ከአሸተን ተራራ ግርጌ ጎልማሶች ተሰብስበው የራዲዮ ትምህርት ይከታተሉ ነበር። ራዲዮው «ሠራ» ሲል እኒህ እናት «ፈራ» ብለው ጻፉ። በቀይ እስክሪብቶ ሰረዝኩባቸው። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ፤ አሁንም ሰረዝኩ። በሦስተኛው ቀን ደብተራቸውን አጠፉና፦

«ልጄ፣ ፊደል የልጅ ነው። ጆሮዬም ልቤም አርጅቷል። ከነገ ወዲያ አትጠብቀኝ» አሉኝ።

«እናቴ፣ እስቲ አንድ ጊዜ ብቻ ይታገሡኝ» ብዬ ራዲዮውን ዘጋሁት። ከንፈሬን አይተው እንዳይለዩት ከኋላቸው ቆምኩና ቃላቱን በራሴ ድምፅ አነበብኩላቸው። «ሠራ»ን «ሠራ»፣ «ፈራ»ን «ፈራ» ብለው ጻፉ። አንዱንም አልሳቱም!

ዞሬ ራዲዮውን ብመለከት፣ ቶን የሚባለው የቃና ቁልፍ ወደ ወፍራሙ ጫፍ ተጠምዝዟል። ማን አጠማዘዘው? እኔው ነኝ። ሽሽ የሚለው ረብሻ እንዳይሰማ ብዬ ነበር። ረብሻውን አስቀርቼ፣ «ስ»ንም አብሬ አስቀርቻት ኖሯል።

ይህ ቁልፍ እንዴት ይሠራል? በራዲዮው ውስጥ ካፓሲተር የምትባል ትንሽ ዕቃ አለች። ቶሎ ቶሎ የሚለዋወጠውን ኤሌክትሪክ ታሳልፋለች፤ በዝግታ የሚለዋወጠውን ግን ትከለክላለች። ከዋናው መስኖ በጎን እንደወጣ ቦይ አድርጋችሁ አስቡት፤ ቀጭኑ ድምፅ በጎን ፈስሶ ከድምፅ ማውጫው ሳይደርስ ይቀራል። ቁልፉ የቦዩን አፍ ማስፊያና ማጥበቢያ ነው። አንዳንዱ ራዲዮ ሁለት ቁልፍ አለው፤ ቤዝ ለወፍራሙ፣ ትሬብል ለቀጭኑ። ኢኳላይዘር የሚባለው ደግሞ ድምፁን ከወፍራም እስከ ቀጭን በብዙ ክፍል ለይቶ፣ የጎደለውን ከፍ፣ የበዛውን ዝቅ የሚያደርግ ማመጣጠኛ ነው።

«ታዲያ ቁልፉን እስከ ቀጭኑ ጫፍ ብንጠመዝዘውስ?» ትሉ ይሆናል። ያን ጊዜ ረብሻው አብሮ ይጎላል፤ በተለይ በክረምት፣ መብረቅ ሲበዛ፣ ጆሮ ያሰለቻል። ስለዚህ ነገሩ ማመዛዘን ይፈልጋል። ለዘፈን ጊዜ ወፍራሙን የወደደ ያብዛው። ለትምህርት ጊዜ ግን ጥቂት ረብሻ ታግሦ ቃሉን አጥርቶ መስማት ይሻላል። ደግሞ የሰው ጆሮ በእርጅና ምክንያት ቀድሞ የሚያጣው ቀጭኑን ድምፅ ነው። ቁልፉ ወደ ወፍራሙ ሲጠመዘዝ ከሁሉ ይበልጥ የሚጎዱት እንግዲህ አረጋውያን ተማሪዎች ናቸው።

ይሁን እንጂ ቁልፉ ከጣቢያው ያልመጣውን ድምፅ አይፈጥርም። በአፍሪካ የመካከለኛ ሞገድ ጣቢያዎች የሚመደቡት በ9,000 ሄርዝ ልዩነት ነው። አንዱ በሌላው ላይ እንዳይገባ ራዲዮናችን በተለምዶ የሚያሰማን ድምፅ እስከ 4,500 ሄርዝ ገደማ ነው። የመስመር ስልክ ከዚህም ያንሳል፤ የሚያሳልፈው ከ300 እስከ 3,400 ሄርዝ ነው። በስልክ ስም ስንናገር የምንደጋግመው በዚህ ምክንያት ነው። ኤፍ ኤም እስከ 15,000 ሄርዝ ስለሚያደርስ «ስ» በእሱ ጥርት ብላ ትሰማለች። በመካከለኛ ሞገድ ግን ቁልፉ ቢስተካከልም እንኳ የ«ስ» ብዙው ክፍል በመንገድ ይቀራል።

የቀረውን ማን ይሙላው? መምህሩ ነው። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ብሔራዊው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ትምህርቱን የያዙት ከሰሌዳ ፊት የቆሙት አስተማሪዎች ነበሩ፤ ራዲዮ አጋዥ እንጂ ምትክ አልነበረም። አባቶቻችንም ብልሃቱን አስቀድመው ያውቁታል። ሰና ሠ በጆሮ አይለዩም፤ ስለዚህ አንዱን «እሳቱ ሰ»፣ ሌላውን «ንጉሡ ሠ» ብለው ስም አወጡላቸው። ጆሮ የማይለየውን ስም ይለየዋል። እኛም በራዲዮ «ስ» ስንሰማ «የስንዴ ስ»፣ «ፍ» ስንሰማ «የፍየል ፍ» እንበል።

እንግዲህ የሚከተሉትን አትርሱ። አንደኛ፣ ትምህርት ሳይጀመር የቃናውን ቁልፍ ከመካከል ትንሽ ወደ ቀጭኑ አድርጉ። ሁለተኛ፣ ቀጭን ድምፅ ፊት ለፊት ስለሚሄድ የራዲዮውን ፊት ወደ ተማሪዎቹ አዙሩ፤ ከምሰሶ ኋላ አታስቀምጡት። ሦስተኛ፣ አረጋውያንን ከፊት አስቀምጡ። አራተኛ፣ ተማሪው ሲሳሳት ከመሰረዛችሁ በፊት ቃሉን በራሳችሁ አፍ ድገሙለት።

አሁን ወደ ሙከራው። አንድ ሰው ጋቢውን አራት እጥፍ አጥፎ ራዲዮው ላይ ያድርግ። እኔ አራት ቃል እላለሁ፤ ጻፉ። ፈራ። ሠራ። ሰላ። ፈላ። አሁን ጋቢውን አንሡት፤ ያንኑ እደግማለሁ። ፈራ። ሠራ። ሰላ። ፈላ። ሁለቱን ጽሑፍ አስተያዩ። ልዩነት ካገኛችሁ ጥፋቱ የጋቢው ነው፤ የእናንተ አይደለም።

እኒያ እናት በማግስቱ መጡ። በቀይ ከሰረዝኩት ቃል አጠገብ «የመምህሩ ጥፋት» ብዬ ጻፍኩበት። ቀስ ብለው፣ ፊደል በፊደል አነበቡት፤ ከዚያም ሳቁ። ትምህርታቸውንም ቀጠሉ።

ለዛሬው ይኸው ነው። በሚቀጥለው ንግግራችን እስክንገናኝ፣ ውድ አድማጮች፣ ደኅና ሰንብቱ!