ልብ ወለድ ወጣቱን ያዘምታል? የቴዎድሮስ መጻሕፍት ምስክርነት

ደብረ ታቦር አጠገብ ያለችው ጋፋት የሴባስቶፖል መድፍ አገር ናት። ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን ሚስዮናውያንና የእጅ ባለሙያዎች አስፍረው ያሠሩት ይህ ግዙፍ መድፍ በ1860 ዓ.ም. ገደል እየተቆረጠለት ወደ መቅደላ ተጎተተ። ብዙ ሰው ግን ንጉሡን የሚያውቃቸው ከዜና መዋዕል ይልቅ ከተውኔትና ከልብ ወለድ ነው። በዚህም የተነሣ አንድ የቆየ ጥያቄ ይነሣል፤ ወጣት የሚወደው መጽሐፍ ጠባዩን ይለውጠዋል?

የግርማቸው ተክለ ሐዋርያት «ቴዎድሮስ» የተሰኘ ተውኔት በ1940ዎቹ መጀመሪያ ወጣ። በ1958 የብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ»፣ በ1961 የአቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ» ተከተሉ። ጨካኝ ተብለው ይነቀፉ የነበሩት ንጉሥ በእነዚህ ሥራዎች አገር አንድ ለማድረግ የተቃጠሉ ባለ ራእይ ሆኑ። ዘመኑ ተማሪው አደባባይ የወጣበት ስለነበር፣ ያን ትውልድ ለአመፅ ያነሣሡት መጻሕፍቱ ናቸው ማለት ይቀናል።

የዘመን ቅደም ተከተሉ ግን አይደግፈውም። ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው የተሰለፉት በየካቲት 1957 ነው፤ ሁለቱም ልብ ወለዶች ገና አልታተሙም። ተማሪውን ያስቆጣው የገባሩ ኑሮ ነበር፤ የ1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራም ዙፋን ሊነቀነቅ እንደሚችል አሳይቶታል። ደራሲዎቹም የኖሩት በዚያው አየር ውስጥ ነው። ቁጣው ቀድሞ ነበረ፤ መጻሕፍቱ ጀግና ሰጡት። ያውም አንባቢ ከጀግናው የሚሻውን መርጦ ይወስዳል፤ ከቴዎድሮስ አንድነቱና ራሳቸውን ያጠፉበት ሽጉጥ ሲታወሱ፣ በ1859 ያዘረፏትና ያቃጠሏት ጎንደር ብዙም አትነሣም።

መንግሥታት ግን መጽሐፍ ወጣቱን እንደሚያሸፍት አምነው ሠርተዋል። የአቤ «አልወለድም» በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ታገደ። በ1975 የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲውም በየካቲት 1976 እንደወጣ ቀረ። ይህ ሁሉ የገዢውን ፍርሃት ያስረዳል፤ አንባቢው አንብቦ ምን እንዳደረገ ግን አይነግረንም።

ክርክሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በ1774 እ.ኤ.አ. የታተመው የጀርመናዊው ደራሲ የጎተ ልብ ወለድ «ቬርተር» በማግሥቱ ዓመት ላይፕዚግ ከተማ ውስጥ ታግዷል፤ ወጣቶች እንደ ባለታሪኩ ራሳቸውን ያጠፋሉ የሚል ስጋት ነበር። የባለታሪኩን ሰማያዊ ካፖርትና ቢጫ ሰደርያ የለበሱ ወጣቶች ብዙ ነበሩ፤ ሞቱ በመጽሐፉ ሰበብ የመጣው ስንቱ እንደሆነ ግን ዛሬም ያከራክራል። አለባበስና አነጋገር በቀላሉ ይኮረጃሉ። ሕይወት የሚለውጥ ውሳኔ ግን ከአንድ መጽሐፍ ብቻ አይመነጭም፤ ቤት፣ ጓደኛና ዘመን ይገቡበታል።

በ2001 የወጣው የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ወጣቱን ሲማርክም ያው ጥያቄ አብሮት ይሄዳል። ልጁ የያዘው መጽሐፍ ያሳሰበው ወላጅ ወይም መምህር ገጹን ከመመርመር በፊት ልጁን ቢጠይቅ ይበጀዋል፦ ከዚህ ባለታሪክ የወደድክለት ምንድን ነው? መልሱ ብዙውን ጊዜ መጽሐፉ ከመነበቡ በፊት የነበረውን ጉድለት ይጠቁማል።