ውድ ማጫወቻ በምን ይበልጣል?

በባሌ ደጋ ከሮቤ ተነሥቶ ወደ ጊኒር የሚወስደውን መንገድ የያዘ ሰው በስንዴ እርሻዎች መካከል አልፎ ጎሮ ይደርሳል። በዚያች ከተማ በመንግሥት ሥራ ላይ የሚገኙ አንድ የቆዩ ወዳጅ አሉኝ። ከቢሮ ወጥተው ወደ ቤታቸው ከገቡ በኋላ ከሙዚቃ በስተቀር ይህ ነው የሚባል ሌላ መዝናኛ የላቸውም። በቅርቡ እንዲህ የሚል መልእክት ላኩልኝ፤ «በውጭ አገር የምትኖረው ታናሽ እኅቴ ለዐረፋ ስትመጣ ስትሪመር የሚባለውን የሙዚቃ ማጫወቻ ላመጣልህ አስቤአለሁ ብላ የሦስት ዕቃዎች ፎቶግራፍ ላከችልኝ። የአንዱ ዋጋ 329 ዶላር፣ የሁለተኛው 600 ግድም፣ የሦስተኛው ሺህ ግድም ነው። እኔ ግን ሳያቸው ሦስቱም ያው ሣጥን ሆኑብኝ። ልጅቱ ሌሊት እየሠራች ያጠራቀመችውን ገንዘብ በከንቱ እንዳላስወጣት ልዩነታቸውን አስረዳኝ።»

ጥያቄው የእርሳቸው ብቻ አይደለም። በ2024 ሐምሌ ወር የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት 600 ዶላር በባንክ ሲመነዘር 34 ሺህ ብር ያህል ነበር፤ ለውጡ በተደረገ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ግን ከ60 ሺህ ብር አለፈ። ስለዚህ በደመወዝ የሚተዳደር ሰው እንዲህ ያለውን ዕቃ ሲገዛ ወይም በስጦታ ሲቀበል፣ ገንዘቡ የሚከፈለው ለድምፁ ይሁን ለሣጥኑ ለይቶ ማወቅ ይገባዋል። ከዚህ በላይ የጠቀስሁትም ሆነ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ስትሪመር ማለት ሸክላ ወይም ካሴት ሳይጎርስ፣ በኢንተርኔት ወይም በቤት ውስጥ ካለ ሃርድ ዲስክ የሚላክለትን በቁጥር የተጻፈ ሙዚቃ ተቀብሎ ለአምፕሊፋየር የሚያቀርብ ዕቃ ነው። አሠራሩን ለመረዳት የመሥሪያ ቤታችሁን መዝገብ ቤት አስቡ። ከሩቅ የተላከ ረዥም ደብዳቤ ገጹ ተበታትኖ፣ አንዳንዱም ዘግይቶ ቢደርስ፣ የመዝገብ ቤቱ ሹም ገጾቹን በተራ አስተካክሎ ሳያስቀምጥ ለንባብ አያወጣውም። ስትሪመርም የዘፈኑን ቁርጥራጮች እየሰበሰበ በማኅደሩ ውስጥ ጥቂት ካጠራቀመ በኋላ፣ በአንድ ዓይነት ፍጥነት ለአንባቢው ያቀርባል። አንባቢው ቁጥሩን ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ የሚለውጠው ትንሽ መሣሪያ ነው። ማኅደሩ ሰፊ ከሆነ ኔትዎርኩ ለጥቂት ሰከንድ ቢቋረጥም አድማጩ አይሰማውም፤ ለብዙ ደቂቃ ቢቋረጥ ግን የሺህ ዶላሩም ዕቃ ዝም ይላል።

ይህ ዓይነቱ ዕቃ በታላላቆቹ የድምፅ መሣሪያ ሠሪዎች ዘንድ ክብር ያገኘው ሊን የተባለው የስኮትላንድ ኩባንያ በ2007 ክሊማክስ ዲኤስ የተባለውን ማጫወቻ ካወጣ ወዲህ ነው። ኩባንያው በ2009 የሲዲ ማጫወቻ መሥራቱን ጨርሶ አቆመ። ይኸው ኩባንያ በ2021 ያወጣው ክሊማክስ ዲኤስኤም የተባለው ዕቃ 30 ሺህ የእንግሊዝ ፓውንድ ይጠየቅበት ነበር። የዚያኑ ዐይነት መሠረታዊ ሥራ የሚሠራው ዊም ፕሮ በ2022 ሲወጣ ግን ዋጋው 149 ዶላር ነበር። የዋጋው ልዩነት ከመቶ እጥፍ በላይ ነው፤ የድምፁ ልዩነትስ?

እዚህ ላይ ሻጮች የሚያበዙትን የቁጥር ነገር እንመልከት። ፊሊፕስና ሶኒ ያዘጋጁት ሲዲ በ1982 ለገበያ ሲቀርብ ድምፁን በየሰከንዱ 44,100 ጊዜ እየለካ፣ እያንዳንዱን ልክ በ16 ቢት ይጽፍ ነበር። የሰው ጆሮ ሊሰማው የሚችለው እጅግ ቀጭን ድምፅ በሰከንድ 20,000 ጊዜ ግድም የሚርገበገበው ስለሆነ፣ ከእጥፉ በላይ የሆነው የሲዲ ልክ የሚያስቀርበት ነገር የለም። የዛሬዎቹ ማጫወቻዎች 24 ቢትና 192,000 ልክ እናነባለን ይላሉ፤ እውነት ነው፣ ያነባሉ። ነገር ግን የ16 ቢት ጽሑፍ ከዝቅተኛው ሹክሹክታ እስከ ከፍተኛው ጩኸት 96 ዴሲቤል ያህል ስፋት ሲኖረው፣ ጸጥ ያለ የሚባለው የመኖሪያ ክፍል ራሱ 30 ዴሲቤል ያህል የራሱ ድምፅ አለው። ሹክሹክታው ከክፍሉ ድምፅ በላይ እንዲሰማ የሚፈልግ ሰው ጩኸቱን 126 ዴሲቤል ማድረስ ይኖርበታል፤ ይህም ጆሮ የሚያሳምም ድምፅ ነው። የወዳጄ ቤት ክዳን ደግሞ ቆርቆሮ ነው። የባሌን የክረምት ዝናብ በቆርቆሮ ሥር ተቀምጦ የሰማ ሰው፣ 24 ቢት ከ16 ቢት የሚበልጥበትን ነገር በዚያ ሰዓት ሊሰማ እንደማይችል እኔ ባልነግረውም ያውቀዋል።

ታዲያ የውዱ ዕቃ ገንዘብ የት ይሄዳል? ከአንድ ወፍራም አሉሚኒየም ተቆፍሮ ለሚወጣው ሣጥን፣ ከፍ ላለው የኃይል መስጫ፣ በጥቂት ቁጥር በእጅ ለሚገጠመው ሥራ፣ ለሻጩ ትርፍ፣ እንዲሁም ፕሮግራሙን ለሚያዘጋጁት ባለሙያዎች ደመወዝ ነው። ይህን ሁሉ ማታለል ነው አልልም። ደኅና ሆኖ የተሠራ ዕቃ ብዙ ዓመት ያገለግላል፤ ሲያዩትም ደስ ያሰኛል፤ ደስታም በገንዘብ ይገዛል። ነገር ግን በደንብ የተሠራ የ300 ዶላር ስትሪመር በድምፁ ላይ የሚጨምረው መዛባት ከመቶ 0.01 እጅ በታች ሲሆን፣ ስፒከር የሚጨምረው ግን በተለይ በወፍራሙ ድምፅ ላይ ከመቶ 1 እጅና ከዚያም በላይ ሊደርስ ይችላል። እንግዲህ ገንዘብ ያለው ሰው የትኛውን ማሻሻል እንዳለበት ቁጥሩ ራሱ ይናገራል።

ክፍሉም ከስፒከሩ አያንስም። ከጎሮ ብዙ ሳይርቅ የወይብ ወንዝ ዓለቱን ቦርቡሮ የሚያልፍበት የሶፍ ዑመር ዋሻ አለ፤ ውስጡ ወደ 15 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። በዚያ ገብቶ ያጨበጨበ ሰው ባዶ ግድግዳ ድምፅን ምን እንደሚያደርገው ያውቃል። ወለሉም ግድግዳውም ሲሚንቶ የሆነ ሳሎን ትንሽ ዋሻ ነው። ምንጣፍ ማንጠፍ፣ ወፍራም መጋረጃ መስቀል፣ ስፒከሩንም ከማዕዘን አውጥቶ ከግድግዳው ጥቂት ማራቅ ብዙ ወጪ የለውም፤ ለውጡ ግን ማንኛውም ጆሮ የሚለየው ነው።

አሁን ወደ ሦስቱ ሣጥኖች እንመለስ። በ2024 በ329 ዶላር የወጣው ዊም አልትራ፣ 600 ዶላር ግድም የሚያወጣው የካናዳው ብሉሳውንድ ኖድ፣ በሺህ ዶላር ግድም የሚገኘው የእንግሊዙ ካምብሪጅ ኦዲዮ ሲኤክስኤን 100 ናቸው። በጎሮ ለሚኖር ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው ጥያቄ፣ «ኢንተርኔት ሲጠፋ ይህ ዕቃ ምን ይሠራል?» የሚለው ነው። ሦስቱም በጀርባቸው ፍላሽ ወይም ሃርድ ዲስክ የሚሰካበት ቀዳዳ ስላላቸው ያለ ኢንተርኔት መጫወት ይችላሉ። ርካሹ ዊም ፕሮ ግን እንዲህ ያለ ቀዳዳ የለውም፤ ሙዚቃውን በኔትዎርክ ከሌላ ኮምፒዩተር መቀበል አለበት። በ149 ዶላሩና በ329ኙ መካከል ያለው ልዩነት ለእኛ ትርጉም ያለው በዚህ ምክንያት ነው፤ በ329ኙና በሺሁ መካከል ያለው ግን በአብዛኛው የሣጥን፣ የስክሪንና የአሠራር ልዩነት ነው።

የዳታውንም ወጪ አስሉት። በ320 ኪሎ ቢት የተጨመቀ ሙዚቃ በሰዓት 144 ሜጋባይት ይበላል። ፍላክ በሚባለው፣ ከድምፁ ምንም ሳይቀንስ በሚያጥፈው ዘዴ የተላከ የሲዲ ጥራት ሙዚቃ 400 ሜጋባይት ያህል ይፈልጋል። ከፍተኛ ጥራት የሚባለው 24 ቢትና 192,000 ልክ የሆነው ግን በሰዓት ከ2 ጊጋባይት ሊያልፍ ይችላል። በሞባይል ጥቅል ለሚጠቀም ቤተሰብ የልጆቹን የትምህርት ዳታ አባት በአንድ ማታ ጨረሰው ማለት ነው። በአንጻሩ አንድ የ2 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ በሲዲ ጥራት ከ4000 ሰዓት የበለጠ ሙዚቃ ይይዛል። ወርኃዊ ክፍያ ከሚጠይቁት የሙዚቃ አገልግሎቶች አንዳንዶቹ በሁሉም አገር አይሸጡም፤ ክፍያውም በውጭ ምንዛሪ ስለሚሆን፣ በዕቃው ካርቶን ላይ የተደረደረው የአገልግሎት ስም ብዛት ሳይሆን ከእነዚያ ውስጥ እዚህ የሚሠራው የትኛው እንደሆነ ነው መጠየቅ ያለበት።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። ስኩዊዝቦክስ የተባለው ማጫወቻ በዘመኑ እጅግ የተወደደ ነበር። ሎጂቴክ የተባለው ኩባንያ ሠሪዎቹን በ2006 ገዛ፤ በ2012 ዕቃውን መሥራት አቆመ፤ በ2024 ደግሞ ዕቃዎቹ የሚገናኙበትን የኢንተርኔት አገልግሎት ዘጋ። ሆኖም ባለዕቃዎቹ ሁሉ መሣሪያቸውን አልጣሉትም፤ ፕሮግራሙ ለሕዝብ ክፍት ስለነበረ በየቤታቸው ኮምፒዩተር ላይ ጭነው እስከ ዛሬ የሚጠቀሙ አሉ። እንግዲህ ኩባንያው ቢዘጋ ዕቃው ብቻውን መቆም ይችላል ወይ ብሎ መጠየቅ ስለ ቢት ብዛት ከመጠየቅ ይሻላል።

ከሁሉም በላይ ግን የሚጫወተው ነገር ምንጩ ምንድን ነው? አምሃ እሸቴ በ1969 ባቋቋመው አምሃ ሬከርድስ ከታተሙት ሸክላዎች ብዙዎቹ፣ ፍራንሲስ ፋልሴቶ ቡዳ ሙዚክ ከተባለው የፈረንሳይ አሳታሚ ጋር ከ1997 ጀምሮ ባወጣው ኢትዮፒክስ በተባለው ተከታታይ እትም እንደገና ስለወጡ በስትሪመር ይገኛሉ። ከዚያ በኋላ የመጣው የካሴት ዘመን ሙዚቃ ግን ዕጣው እንደዚህ አልሆነም። ብዙው በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ነው። ካሴት በደኅና ጊዜው እንኳ የሚይዘው የድምፅ ስፋት ከ50 እስከ 60 ዴሲቤል ብቻ ስለሆነ፣ የሲዲ ልክ ለእርሱ ከበቂ በላይ ነው። የሚያስፈራው ሌላ ነው፤ በክሩ ላይ የተቀባው ድምፁን የሚይዘው ዱቄት በሙቀት፣ በእርጥበትና በዕድሜ ይረግፋል። የረገፈውን ደግሞ የ30 ሺህ ፓውንዱም ማጫወቻ አይመልሰውም።

ወዳጄ አንድ ጆንያ ካሴት አላቸው። በውስጡ በሱቅ የተገዙ የአሊ ቢራ ዘፈኖች አሉበት፤ ከግማሽ የሚበልጠው ግን በሰፈራቸው ሠርግ ላይ በቴፕ የተቀዳ ሲሆን፣ ከዘፋኞቹ አብዛኞቹ ዛሬ በሕይወት የሉም። ይህን በየትኛውም አገልግሎት ውስጥ ፈልጎ የሚያገኝ የለም። ስለዚህ የሰጠኋቸው ምክር ስለ ካሴት ማጫወቻውም ጭምር ነበር፦ ጭንቅላቱን በንጹሕ አልኮልና በጥጥ እየጠረጉ፣ ከድምፅ መውጫው በገመድ ወደ ኮምፒዩተር አገናኝተው፣ ኦዳሲቲ በተባለው በነጻ በሚገኝ ፕሮግራም ወደ ፍላክ እንዲገለብጡ፣ ግልባጩንም በሁለት ዲስክ ላይ እንዲያኖሩ፣ አንዱንም ዲስክ ከቤት ውጭ ከሌላ ዘመድ ዘንድ እንዲያስቀምጡ።

ሁለት ዕቃ ለማወዳደር ዕድል ያገኘ ሰው አንድ ነገር ያስታውስ። ጆሮ ጥቂት ከፍ ብሎ የተሰማውን ሁሉ «ይሻላል» ይላል፤ የአንድ ዴሲቤል ልዩነት እንኳ ፍርድ ያዛባል። ስለዚህ የሁለቱ ድምፅ በአንድ ልክ ተደርጎ፣ አንድ ዘፈን ተመርጦ፣ የትኛው እየተጫወተ እንደሆነ እናንተ ሳታውቁ ሌላ ሰው ይቀያይርላችሁ። ሻጩ ይህን አልፈቅድም ካለ፣ መልሱን ሰጥቷችኋል ማለት ነው።

የኤሌክትሪክ ነገርም ሳይረሳ፣ ስትሪመር ራሱ የሚፈልገው ኃይል ከአንዲት ትንሽ አምፖል ስለማይበልጥ በትንሽ ባትሪ ሊሠራ ይችላል፤ የመብራቱን መውጣትና መውረድ የሚፈራው ይልቁን አምፕሊፋየሩ ስለሆነ ስታቢላይዘር ያስፈልገዋል። ከውጭ የሚመጣም ዕቃ 220 ቮልት መቀበሉን ከጀርባው አንብቦ ማረጋገጥ ነው፤ በአሜሪካ የተገዛ አምፕሊፋየር ብዙ ጊዜ ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ነው።

ወዳጄ ይህን ሁሉ ካነበቡ በኋላ 329 ዶላር የሚያወጣውን መረጡ። እኅታቸው ቀሪውን ገንዘብ ልላክልህ ብላ ነበር፤ እርሳቸው ግን ሃርድ ዲስኮቹን ብቻ እንድታመጣላቸው ጠየቁ፤ ስፒከሩን ከአዲስ አበባ በራሳቸው ገንዘብ ሊገዙ አስበዋል። እስከ ዐረፋ ድረስ ካሴቶቹን በየማታው አንድ አንድ እየገለበጡ ነው። ባለፈው ሳምንት ሠላሳ አንደኛው ላይ ደርሰው ነበር፤ ሁለቱ ክራቸው ተጣብቆ አልዞር ስላላቸው ለብቻ አስቀምጠዋቸዋል።